ድምፀ ቀጭኗ ሽጉጥ

ፋናዬ ወልደገብርኤል ሽጉጥ ልትገዛ ነው የሚለው ወሬ ቶሮንቶ ውስጥ ከሬክስዴል ተነስቶ ሌላው ጫፍ ዳንፎርዝ እስኪደርስ ከአውቶቡስ ፈጥኗል። ሰው ሁሉ ምክንያቱን ራሱ አዘጋጅቶ ሰጣት። አንዱ ባሏን ፈትታ ብቻዋን ስለምትኖር ፈርታ ነው አለ። ሌላው ተኩስ በማያጣው ሬክስዴል እየኖረች እስከ ዛሬ አለመግዛቷ ይገርማል አለ። በቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት እማማ ብርቅዬ ደግሞ ነገሩን የሰይጣን ሥራ አድርገው ስእለት ተሳሉላት። ቀርቦ የጠየቃት ግን አልነበረም። ቢጠይቋት መልሷ አጭር ነበር፤ ወረቀት ላይ የተሣለ ክብን መሀሉን መምታት ደስ ይላታል፣ በቃ። እኛ ሐበሾች ግን እንዲህ ያለ አጭር መልስ ሆዳችንን አይሞላውም።

ነገሩ የጀመረው በስሕተት ነው። ፋናዬ ኤርፖርቱ አጠገብ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚያዘጋጅ ኩሽና ውስጥ ትሪ ትደረድራለች። ከጎኗ የምትቆመው ማያ እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት፤ በዕድሜ እናቷ የምትሆነውን ሴት "ፋኒ" ብላ የምትጠራ። አንድ የመስከረም ዓርብ ማያ፣ "ፋኒ፣ ነገ ሌዲስ ዴይ አላቸው፣ ፍሪ ነው፣ ፕሊስ አብረሽኝ ነይ" አለቻት። የት እንደሆነ ፋናዬ በቅጡ አልሰማችም። ቦውሊንግ መስሏት፣ ጫማ ያስወልቁናል ብላ፣ ንጹሕ ካልሲ አድርጋ ሄደች። ራሷን ያገኘችው ከብራምፕተን አለፍ ብሎ ባለ የተኩስ ክለብ ውስጥ፣ ጆሮዋን በትልቅ መሸፈኛ ደፍና፣ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጨብጣ ነው።

የመጀመሪያዋ ጥይት ከወረቀቱ በታች አልፋ ሄደች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። አስተማሪው ሊዮ የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ማንንም የማያስቸኩል ሰው። ሽጉጡን ተቀበላት፣ ዞር ብሎ አንድ ነገር አደረገና መለሰላት። ምላጩን ስትስብ አልጮኸም፤ ቀጭ ብሎ ብቻ ቀረ። አፈሙዙ ግን ድንጋይ የተጫነበት ይመስል ቁልቁል ወረደ። ሊዮ ለካ ካዝናው ውስጥ አንዲት የላስቲክ የውሸት ጥይት አጉርሶ ኖሯል።

"አየሽ?" አላት። "ሽጉጡ አልተኮሰም፤ አንቺ ግን ደንግጠሻል። እጅሽ ፈሪ አይደለም። ጆሮሽ ነው ቀድሞ የሚያስፈራራው።"

ከዚያ ሌላ ሽጉጥ አመጣላት፣ ሃያ ሁለት የሚሏትን። ጥይቷ ቀጭንና አጭር ናት፣ የትንሿን ጣት አንድ አንጓ ብታክል ነው። ስትተኮስ ድምጿ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ይመስላል፤ እጅንም አትራገጥም። ፋናዬ ዓይኗን ሳትጨፍን ተኮሰች፤ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ አየች። ያቺ ቀዳዳ የእሷ ነበረች። በመመለሻቸው ላይ ማያ የምታወራውን አልሰማችም፤ እጇን ታሸት ነበር። የመሣሪያ ዘይት ይሸታል። ያን ሽታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

አባቷ ወልደገብርኤል የላይ ጋይንት ሰው ነበር። ድምፁ እንደ ሴት ቀጭን ስለነበር ሸንጎ ላይ ሲናገር ከኋላ የሚስቁ አይጠፉም። ምንሽሩን አንግቶ ሲወጣ ግን የሚስቅ የለም። ያን ምንሽር በየበዓሉ ዋዜማ የምትወለውለው ፋናዬ ነበረች፤ ብረቱን በዘይት፣ ሰደፉን በጨርቅ። ጨርሳ ትከሻዋ ላይ ልታስጠጋው ስትል አባቷ በዚያች ቀጭን ድምፁ፣ "ተይ ልጄ፣ እሱ የወንድምሽ ነው" ይላታል። ወንድሟ ገብረእግዚአብሔር ብዙ ዓመት ይበልጣታል። ምንሽሩ ለእሱ ተሰጠ። እሱ ደግሞ አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር ሸጦት በሱዳን በኩል ወጣ። ካናዳ ገባ፣ ታክሲ ነዳ፣ ከዓመታት በኋላም ፋናዬን ስፖንሰር አድርጎ አመጣት።

በዚያ መሀል አባታቸው ሞተ። በእነሱ አገር ወንድ ሲሞት ይተኮስለታል፤ ማዶ ያለ ሰው ተኩሱን ሰምቶ የሟቹን ክብር ይገምታል። የመጀመሪያዋን ጥይት የሚያስጮኻት ግን ልጁ ነው፣ ያውም በሟቹ ጠመንጃ። ልጅ ሳይጀምር ሌላው አይተኩስም። የወልደገብርኤል ልጅ ባሕር ማዶ ነበር፣ ጠመንጃውም የሌላ ሰው ትከሻ ላይ። ጎረቤቶች መሣሪያቸውን እንዳነገቱ ቆመው ቆመው፣ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ተበተኑ። ፋናዬ እዚያ ነበረች። ከለቅሶው ሁሉ የምታስታውሰው ያን ዝምታ ነው። አንዲት አሮጊት፣ "ምነው፣ ሰውዬው እንደ ባዳ ተቀበረሳ" ሲሉም ሰምታለች። ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው መጣች። ግን ሌላ ሰው ነግሮታል። ለእንዲህ ያለ ወሬ ነጋሪ አይጠፋም።

ከዚያ የመስከረም ቀን ቀጥሎ በመጣው ክረምት ፋናዬ ከሥራ በተረፈችበት ቀን ሁሉ ክለቡ ሄደች። ኮርሱን ወሰደች፣ ፈተናውን አለፈች፣ ላይሰንሷም መጣላት። የራሷን ሽጉጥ መግዛት ስታስብ ሊዮን አማከረችው።

"የመጀመሪያ ሽጉጥ ትንሽ ይሁን" አላት። "ትልቁ ቀድሞ የሚያስተምርሽ ድንጋጤን ነው። ድንጋጤ ደግሞ አንዴ ከተማሩት በኋላ መርሳቱ ከባድ ነው።"

የሃያ ሁለቷ ጥይትም ርካሽ ነው፤ ሰው የሚማረው ብዙ ሲተኩስ ነውና። እጀታዋ ለፋናዬ ትንሽ መዳፍ ልክ ነው። በእሷ በኩል ነገሩ አልቆ ነበር።

ኢስት ዮርክ ሄዳ ለወንድሟ ስትነግረው ግን አዲስ ነገር ተጀመረ። ገብረእግዚአብሔር ወገቡንና ጣቶቹን ታሞ ታክሲውን ከተወ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው ዳንፎርዝ ላይ ባለ ምግብ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ነው። እዚያ ተኳሽነቱ የታወቀ ነው። ቆቅ በአየር ላይ መትቷል፣ ጅብ በጨለማ ጥሏል። ወሬው በተደገመ ቁጥር ቆቋ ከፍ ትላለች፣ ጅቡም ይወፍራል። እህቱ ሽጉጥ ልትገዛ መሆኑን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አቃተው።

"የወልደገብርኤል ልጅ" አላት ግንባሯን ስሞ። "ምን ልትገዢ አሰብሽ?"

"ሃያ ሁለት ነው፣ ጋሼ።"

"ሃያ ሁለት ምን?"

ጣቷን አውጥታ የጥይቷን ልክ አሳየችው። ፊቱ ጠቆረ። ሚስቱ ያለምወርቅ ከጓዳ ሆና ትስቃለች።

በማግስቱ ነገሩን ምግብ ቤት ወሰደው። ፋሩቅ የሚባለው ጓደኛው፣ "እሷማ ለትንኝ ናት፣ ስፕሬይ አይሻላትም?" አለ። አንዱ ማካሮቭ ካልሆነ አለ፣ ሌላው ኮልት ካልሆነ አለ። ከመሀላቸው ላይሰንስ ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ ምክር ግን ላይሰንስ አይጠይቅም። ፋናዬ በስልክ የሚደርሳትን ምክር ሁሉ እሺ እያለች አዳመጠች። ሁሉም የሚነግሯት ስለሚጮህና ስለሚያስፈራ መሣሪያ ነበር። ስለመምታት ያነሳ የለም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ግንቦት መጨረሻ ላይ መንግሥት የእጅ ሽጉጥ መግዛትና መሸጥ ሊያግድ መሆኑን አስታወቀ። እገዳው ሲጀምር ላይሰንስ ያለው ሰው እንኳ አዲስ ሽጉጥ በስሙ ማስገባት አይችልም። በየሱቁ ሰልፍ ሆነ። የፋናዬ የመጀመሪያ ሽጉጥ የመጨረሻዋም ሊሆን ነው ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ወንድሟ ኮል አደረገላት።

"ስሚኝ" አላት። "ያው እንግዲህ አንድ ጊዜ ነው የምትገዢው። ትልቁን ግዢ። ዘጠኙን። ለኔ።"

"ለእርስዎ?"

"በስምሽ ይሁን፣ አንቺው ጋ ይቀመጥ። ግን የኔ ነው። እኔ ኮርሱን ነገ ዛሬ ስል ጊዜው አመለጠኝ። አሁን አፕላይ ባደርግም አይደርስልኝም።"

"ጋሼ፣ ለሌላ ሰው ብሎ መግዛት ወንጀል ነው። ኮርሱ ላይ ነግረውናል።"

"እህት ለወንድሟ ሌላ ሰው ናት?"

ቀጠለና፣ "ፋናዬ፣ እኔ እኮ ነኝ ያመጣሁሽ" አላት።

ይህን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ብሎት አያውቅም። የመጣች ዕለት ኤርፖርት ላይ የራሱን ካፖርት አውልቆ ሲያለብሳት አላለም። ባሏን ስትፈታ ሶፋውን ለቆላት መሬት ላይ ሲተኛ አላለም። ለዚህ ነው ቃሉ ልቧን የሰነጠቀው። መጀመሪያ ተናደደች። ከዚያ አዘነች። ሲያድር ደግሞ ይህ ሰው ምን ቢያንገበግበው ነው እንዲህ ያለኝ ብላ ማሰብ ጀመረች። መልሱን ከሱ ባልተናነሰ ታውቀው ነበር። ዘጠኙን የፈለገው ለመምታት አይደለም። የሚጮህ ነገር ፈልጎ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ጆሮው ላይ የቀረውን ዝምታ የሚሰብርለት።

ሱቅ የሄደችው ከጠዋት ሺፍት ስትወጣ ነው። ከቤቷ ቅርብ ባለው ፕላዛ በኩል ስታልፍ ከዛፉ ሥር ሻማና አበባ ተደርድሯል፤ ባለፈው ወር እዚያ ቦታ ጥይት የገደለው ልጅ ነበር። ልጁን አታውቀውም፤ እናቱን ግን ፋናዬ መኪና ሳትገዛ በፊት በአውቶቡስ ተዋውቃታለች፣ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። ሬክስዴል ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ከመስኮት ይስባሉ፣ ቀጥሎ ስልክ አንስተው ገና ቤት ያልገባ ልጃቸው ጋ ይደውላሉ። ጋይንት ላይ ያው ድምፅ ሲሰማ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ማን እንደሞተ፣ ምን ያህል እንደተከበረ ያዳምጣል። ፋናዬ መኪናዋን አቁማ ሻማዎቹን አየች። ቤቷ የምታስገባው የትኛውን ድምፅ ነው? እውነቱን ለመናገር መልሱን እርግጠኛ ሆና አላወቀችም። ወረቀት ብቻ እንደምትበሳ ታውቃለች። የምትቆልፍበትንም ቁልፍ ታውቃለች። ግን የዚያች እናት ፊት ከፊቷ አልጠፋ አለ፤ መጥፋትም ያለበት አልመሰላትም።

ሱቁ ጢም ብሏል። ሻጩ ሁለቱንም አውጥቶ መስታወቱ ላይ አኖረላት። ዘጠኙን ጠቁሞ፣ "ላስት ዋን ነው፣ ሃሪ አፕ" አላት። አነሳችው። ጥይት የለበትም፣ ሱቅ ውስጥ የሚጮህ ነገር የለም፤ ትከሻዋ ግን ወደ ጆሮዋ ከፍ አለ። አስቀመጠችው። ትንሿን አነሳች። ትከሻዋ ወረደ።

ወንድሟ ኩላሊቷን ቢጠይቃት ትሰጠው ነበር። ይህን ግን መስጠት አልቻለችም። አንድ ጊዜ፣ ምንሽሩን፣ ወልውላ ሰጥታዋለች።

"ይቺን" አለች።

በስሟ የማስገባቱ ፈቃድ እገዳው ከመጀመሩ በፊት ደርሶላት ሽጉጧን ቆልፋ ቤቷ አስገባች። ለወንድሟ በዚያኑ ቀን ደውላ ነገረችው፤ መዋሸት አልፈለገችም። "ደግ አደረግሽ" አለና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ በርቀት ራሱን ይነቀንቅላታል። ምግብ ቤት መሄዱንም ተወ፤ ያለምወርቅ እንደምትለው ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሰው መኪና ይቆጥራል። ፋናዬ ስንት ጊዜ ስልክ አንስታ መልሳ አስቀመጠች። ወንድሜን አጣሁት ብላም አለቀሰች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እነሱ ግን ከአንድ ድንጋይ የተፈለጡ ነበሩ፣ እልኸኝነታቸው አንድ ነው።

ኅዳር ላይ የአባታቸው ሙት ዓመት ደረሰ። ሌላ ጊዜ ዳቦና ቆሎ ይዘው አብረው ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት። ዘንድሮ ፋናዬ ብቻዋን አስቀድሳ ቀጥታ ኢስት ዮርክ ሄደች። በሩን ያለምወርቅ ከፈተችላት።

"ውሰጂው እባክሽ" አለቻት በሹክሹክታ። "ቤቱን አጨለመብኝ።"

ገብረእግዚአብሔር መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ፋናዬ ካፖርቱን ከመስቀያው አውርዳ ፊቱ ቆመች።

"ጋሼ፣ ዛሬ የአባባ ቀን ነው። አብረን የምንሄድበት ቦታ አለ።"

ተነስቶ እጁን ወደ ካፖርቱ እጅጌ ዘረጋላት። በመኪናዋ ሄዱ። ከመኪናው ኋላ የተቆለፈች ሣጥን ነበረች፤ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ይጥል ነበር።

ክለቡ ውስጥ ላይሰንስ የሌለው እንግዳ፣ ባለላይሰንስ አጠገቡ ቆሞ እየተቆጣጠረው መተኮስ ይፈቀድለታል። ሊዮ ከሩቅ አይቷቸው ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። ፋናዬ የወንድሟን ጆሮ እንደ ልጅ ሸፈነችለት፤ የሷ መሸፈኛና የሱ መሸፈኛ ንግግር የሚያሳልፉ ዓይነት ናቸው። አያያዙን፣ ጣት የሚቀመጥበትን ነገረችው። "አውቀዋለሁ" አላት። ካዝናውን ስታጎርስ ሊዮ እንዳደረገባት ሁሉ እሷም የላስቲኳን የውሸት ጥይት መጀመሪያ እንድትወጣ አድርጋ አስገባቻት። ለማስተማር ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ትንሽ ተንኮልም አላጣት፤ በዚያ ሁሉ የቆቅና የጅብ ወሬ መሀል አንድ ጊዜ ልትስቅበት ፈልጋ ነበር።

ገብረእግዚአብሔር ቆመ። አቋቋሙ ያማረ ነበር፤ ደረቱን ነፋ፣ አገጩን አነሳ። በአጠገባቸው ሰው ዘጠኝ ይተኩሳል፣ ግድግዳው ይነዝራል። ምላጩን ሳበ።

ቀጭ አለ። አፈሙዙ ወደ ታች ተደፋ፣ ትከሻው ጆሮው ደረሰ። ሁለቱንም ዓይኖቹን እንደ ሕፃን ጨፍኗቸዋል።

ፋናዬ አልሳቀችም። እንዲህ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ከዚህ በፊት ተኩሶ የሚያውቅ አይደለም፤ ገና የመጀመሪያው ነው። ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፣ ዓምና እሷ ራሷ እንዲህ ነበረች። "አፈሙዙን ወደ ፊት እንዳደረጉ፣ ጋሼ" ብላ ሽጉጡን ቀስ አድርጋ ከእጁ ወሰደች። የውሸቷን ጥይት አወጣች። እሱም ያቺን ላስቲክ በመዳፏ ላይ አያት።

"ተኩሼ አላውቅም" አላት።

"አውቃለሁ።"

"አንድም ቀን። አባባ ጥይት አይሰጠኝም ነበር። አንዲት ነበረችው፣ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስቀምጣት። 'የመጀመሪያዋን ለእኔ ትተኩሳለህ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልብህ' ይለኝ ነበር።" ዓይኑን ከላስቲኳ ላይ አልነቀለም። "ምንሽሩን ስሸጥ ገዥው ጥይትስ አለው ወይ አለኝ። እሷንም ጨምሬ ሰጠሁት፣ ፋናዬ።"

አጠገባቸው ያለው ሰው መተኮሱን ለአፍታ አቆመ። ወንድሟ እያለቀሰ ነበር፤ እንባውን ሊጠርግ ሲል የዓይን መከላከያው መነጽር ከለከለው። ፋናዬ በእጅጌዋ ከሥር ጠረገችለት። ቆቋም ጅቡም ከየት እንደመጡ አሁን ገባት። በእነሱ ብዛት የዚያችን የአንዲቷን ጥይት ቦታ ሲሞላ ኖሯል።

ካዝናውን እንደገና አጎረሰች፣ አሁን እውነተኛውን ብቻ። ሽጉጡን አስያዘችው፣ የታመሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ እጀታው ላይ አደላደለችለት። ለዚያ እጅ ዘጠኙ አይሆንም ነበር፤ ይቺ ግን ተመቸችው።

"ይቺ ግን ድምጿ ቀጭን ነው" አላት ዞር ሳይል። "ይሰማዋል ብለሽ ነው?"

"የአባባስ ድምፅ ቀጭን አልነበር?" አለችው። "አያጣትም።"

ትከሻው ሲወርድ አየች። ዓይኖቹ ተከፍተው ነበር።

ተኮሰ። ጭራሮ እንደተሰበረ ያህል ነው የተሰማው። ወረቀቱ ጥግ ላይ፣ ከክቡ ራቅ ብላ፣ ትንሽ ቀዳዳ ታየች። ገብረእግዚአብሔር ቀዳዳዋን ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ እንዳስተማረችው አፈሙዙን ወደ ፊት አድርጎ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ፋናዬ ጨረሰ ብላ ካዝናውን ልታወጣ እጇን ሰደደች።

"ተይው" አላት። "ልጅ ከጀመረ ሌላው ይቀጥላል። ስትወለውይው የኖርሽው አንቺ ነበርሽ፤ ቀሪው ያንቺ ነው።"

ፋናዬ ቦታውን ያዘች። ሽጉጧን አነሳች፣ ቀሪውንም ለአባቷ ተኮሰች።